ሦስቱ የወይዘሮ ደብሪቱ ጉልቻዎች ወደ ደጋ ስለ መውጣታቸው

የሰው ልጅ ከአንበሳ ይሸሻል፣ ከጎርፍ ይርቃል፣ ከጦርም ይጠለላል፤ የግዙፍ ጠላት ግዝፈቱ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነውና። ረቂቁና ደቂቁ፣ ክንፉ ከጤፍ ገለባ የቀለለው፣ ድምፁም ከሹክሹክታ ያነሰው ፍጡር በጓዳው ሲያድር ግን ያው ብርቱ ሰው እጁን እንኳ አያነሣም። ከዚህም የሚከፋው፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ጥፋት በጥላቻ እጅ ብቻ የሚመጣ ይመስለንና የፍቅርን እጅ ሳንመረምር መሳማችን ነው። ሁለት ክፉ ነገሮች ከፊታችን ቢቆሙ ያነሰውን መርጠን እናልፋለን፤ ሁለት መልካም ነገሮች፣ አንደኛው የእናት ሁለተኛው የልጅ፣ ፊት ለፊት ሲቆሙ ግን ኅሊና እንደ ተሰነጠቀ ደወል በአንድ ምት ሁለት ድምፅ ይሰጣል።

በደብረ ጽሞና፣ ጭጋግ ከጣሪያ በታች በሚውልባት ብርዳምና ነፋሻማ የደጋ ከተማ፣ ውዳላት የምትባል ወጣት ሴት የበኩር ልጇን አርግዛ ስምንተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ባሏ መምህር ይኄይስ ዝግተኛና ቅን፣ በተማሪዎቹ ፊት ቁጡ በሚስቱ ፊት ግን ለስላሳ ሰው ሲሆን፣ የሚኖሩትም ከእናቱ ከወይዘሮ አጸደ ጋር በአንድ ግቢ ነበር። የውዳላት እናት ወይዘሮ ደብሪቱ ግን የግማሽ ቀን መንገድ ርቀው፣ ቁልቁለቱ አልቆ ሐሩሩ በሚጀምርበት፣ ወንዟ በክረምት እንጂ በበጋ ውሃ በማያውቅባት፣ አሸዋ መልካ በምትባል የቆላ ከተማ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አበው ያቆዩት ሥርዓት የበኩር ልጅ በእናት ቤት ይወለድ ይላል፤ ሴት ልጅ በምጥ ስትጨነቅ የምትጮኸው በእናቷ ጣሪያ ሥር ይሁን፣ በአማቷ ፊት የጮኸች ግን ዕድሜዋን ሙሉ ስታፍር ትኖራለችና። ወይዘሮ ደብሪቱ ይህን ሥርዓት ከሌሎች እናቶች ይልቅ አጥብቀው መያዛቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። እርሳቸው ራሳቸው ውዳላትን የወለዱት ከአገራቸው ርቀው፣ በባቡር ሐዲድ ዳር በነበረች የዘበኛ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ በዚያች የጭንቅ ሰዓት ወገባቸውን የያዘችላቸው ቋንቋቸውን የማትሰማ፣ ስሟንም እስከ ዛሬ የማያውቋት አንዲት መንገደኛ ነበረች። ሕፃኗን ታቅፈው በዚያች ሌሊት፣ «አንቺ ስትወልጂ ወገብሽን የሚይዘው የኔ እጅ ይሆናል» ብለው ማሉ፤ መሐላቸውንም እንደ ማተብ በአንገታቸው ይዘው ኖሩ።

ነገር ግን የመሄጃው ጊዜ ሲቃረብ በአሸዋ መልካ ደዌ ገባ። ሐኪሞች በባዕድ ቋንቋ ስም አውጥተው ቫይረስ ነው አሉት፤ ሕዝቡ ግን የያዘው ሰው በመገጣጠሚያው ሁሉ እንደ ተቀጠቀጠ ሸንበቆ ሲሆን አይቶ «አጥንት ሰባሪ» አለው። የሚያዛምተው ትንኝ መሆኑ ተነገረ፤ ይልቁንም ነፍሰ ጡር ሴት መውለጃዋ ደርሶ ሳለ ከተያዘች ሕማሙ በወሊድ ጊዜ ወደ ሕፃኑ ሊተላለፍ እንደሚችል ተነገረ። በደብረ ጽሞና ወሬው እንደ ደረሰ፣ በአገሩ ሁሉ እንደ ልማድ፣ ሰው የሚያውቀውን በሽታ ባላወቀው ላይ አለበሰው፤ ትንኝ ከሆነ ወባ ነው፣ ወባ ከሆነ ረግረግ ነው፣ ረግረግ ከሆነ ማታ ነው ተባለ። ወይዘሮ አጸደም በዚሁ ምክር ጸኑ። «ያለ ልማድ ብናስቀራት፣ ለገንፎ ቅቤ ሰስተው ነው እንዳይሉን እንጂ፣ እኔስ ከዓይኔ ባትጠፋ ደስታዬ ነበር። አጎበር ትያዝ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትግባ፣ በቃ!» አሉ። ይኄይስም ገበያ ወጥቶ ነጭ አጎበር ገዛ፤ እያጠፈ ወደ ሻንጣዋ ሲከት ግን ፊቱ ከፍን የሚያጥፍ ሰው ፊት ይመስል ነበር።

ውዳላት በስልክ ፍርሃቷን ለእናቷ በነገረች ጊዜ ወይዘሮ ደብሪቱ ሳቁ። «ረግረግ የት አለብኝና? ወለሌ እንደ መስታወት ነው፤ አንቺን ብዬ ኖራ አስቀብቻለሁ። ውሃም ቢሆን አትቸገሪም፤ ቧንቧው በመጣ ቁጥር ቁጭ ብዬ ቀድቼ፣ በርሜሉም እንስራውም ሙሉ ነው። እኔ ስወልድሽ የምታጠቢበት አንድ ጣሳ ውሃ ተለምኖ ነው የተገኘ። የኔ ልጅ ልጅ ግን በውሃ ይምነሸነሻል!» አሏት። እናት ይህን ስትል ልጅ ምን ትመልሳለች? ውዳላት ልቧ ረጋ፤ የረጋ ልቧንም ይዛ ለመጨረሻ ምርመራ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች።

አዋላጇ ሲስተር ነጃት የቆላ ተወላጅ፣ አንደበተ ርቱዕና ቀልደኛ ሴት ነበረች። ሆዷን እየዳሰሰች ስለ መንገዷ በጠየቀቻት ጊዜ ውዳላት የእናቷን ቤት ንጽሕና አወደሰች፣ ስለ ሙሉዎቹ በርሜሎችም በኩራት ተናገረች። የነጃት እጅ ባለበት ቆመ።

«ክዳን አላቸው?»

«የምን ክዳን? ንጹሕ ውሃ ነው እኮ፣ የቧንቧ።»

«አየሽ እህቴ፣ ይህችኛዋ ትንኝ እመቤት ናት፤ ረግረግ ትንቃለች። የምትወደው ንጹሕ ውሃ፣ ጥላ ያለው ጓዳ፣ ሰው ያለበት ቤት ነው። ደግሞ የምትሠራው ቀን ነው፤ ማታማ እንደ መንግሥት ሠራተኛ ቤቷ ትገባለች። አጎበርሽ ያሳዝነኛል፤ ሥራ ፈት ሊሆን ነው።» ከዚያም ሳቋን ትታ ዓይን ዓይኗን እያየች፣ «እዚህ ብርዱ አያኖራትም። እዚያ ግን ለአንቺ ተብሎ የተቀዳው ውሃ ነው የሚያሳድጋት። ውሳኔው ያንቺ ነው፤ እኔ ብሆን አልወርድም» አለቻት።

ውዳላት ከጤና ጣቢያው የወጣችው ከበሽታው ይልቅ የከበደ ሸክም ተሸክማ ነበር። አለመሄድ አንድ ነገር ነው፤ ለእናት ግን፣ በጠራራ ፀሐይ እየተሰለፈች ባጠራቀመችው ውሃ ላይ፣ «ፍቅርሽ መርዝ አርግዟል» ብሎ መንገር ሌላ ነው። ቃል መረጠች፣ አለዘበች፣ አዞረች፤ ቢሆንም ነገሩ ሲደርስ ያው ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «የኔ ውሃ?» አሉ፤ ቀጥለውም፣ «ቆሻሻ ነሽ በይኝ እንግዲህ። ያማትሽ ቤት ከሞቀሽ፣ ሞቀኝ ብሎ መቅረት ነበር፤ በኔ ውሃ ማሳበብ ግን ነውር ነው» ብለው ስልኩን ዘጉት። ከዚያ በኋላ ብትደውል አያነሡም፤ ሰው ብትልክ አይመልሱም። እናቷ ያዘነችባት ሴት ምጧ ይጠናል የሚለውን ብሂል ውዳላት ከልጅነቷ ጀምሮ ሰምታው ነበርና፣ ቀን ሥራዋን እየሠራች ትረሳዋለች፣ በተኛች ጊዜ ግን ሕፃኑ በሆዷ ሲገላበጥ ብሂሉም አብሮ ይገላበጥባታል። በመጨረሻ ራሷን ልትሸነግል ጀመረች፦ ሄጄ በአፌ ልንገራት፣ ውሃውን በእጄ ልክደነው፣ ታርቄ ቶሎ ልመለስ። ይህንን ለባሏ ስትነግረው ይኄይስ፣ «ብከለክልሽ ሚስቱን ከእናቷ ለየ እባላለሁ፤ ባልከለክልሽ ልጁን ለትንኝ ሰጠ እባላለሁ። መባሉን እችለዋለሁ። የማልችለው ከሁለቱ አንዱ እውነት መሆኑን ነው» አላት። እርሷም ሻንጣዋን ዘጋች።

አሁን፣ አንባቢ ሆይ፣ ከደጋው ጭጋግ ወደ ቆላው ሐሩር እንውረድ። ወይዘሮ ደብሪቱ ለልጃቸው ያልነገሩት አንድ ነገር ነበር። የአጥር ተዋሳኛቸው የወይዘሮ ፋጡማ ልጅ፣ እንደ ውዳላት ሁሉ ለበኩሯ ወደ እናቷ ቤት የመጣች፣ በዚያው ደዌ ተይዛ ወልዳ ሕፃኑ በተወለደ በሳምንቱ አልፎ ነበር። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር፣ ቃሬዛ እንኳ ሳያስፈልጋት በአንድ ሰው ክንድ ላይ በደጃቸው ስታልፍ ደብሪቱ በዓይናቸው አይተዋል፣ ለቅሶም ደርሰዋል። ለልጃቸው ግን አልነገሩም፤ ቢነግሯት አትመጣማ። ከስልኩ ጠብ በኋላ በቁጣ ሲብሰለሰሉ ሰንብተው አንድ ቀን በእኩለ ቀን ብርሃን፣ ልጃቸውን ለመርታት እንጂ ለመማር ሳይሆን፣ ከታላቁ በርሜል ላይ የተጣለውን ማዳበሪያ ገልጠው ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ውሃው ጥሩና ኩል የመሰለ ነበር። በውስጡም እንደ ተቆረጠ ጥቁር ክር የቀጠኑ፣ ራሳቸውን ዘቅዝቀው የሚወዛወዙ ሕያዋን ነበሩ፤ የደብሪቱ ጥላ ሲያርፍባቸው ወደ ታች ይሰምጣሉ፣ ጥላው ሲርቅ ደግሞ ይወጣሉ፣ ቤታቸው እንደ ሆነ ሁሉ። ደብሪቱ በዝግታ ቀና ሲሉ በርሜሉ የቆመው ከፋጡማ ግቢ ጋር በሚያዋስናቸው አጥር ሥር መሆኑን፣ ሁልጊዜ የሚያውቁትን ነገር፣ ያን ጊዜ አወቁ። የትኛዪቱ ትንኝ ከየትኛው ውሃ ወጥታ ማንን እንደ ነደፈች ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ የለም፤ ደብሪቱም አልማሉበትም፣ አልካዱትምም። በርሜሉን አቅፈው ለመገልበጥ ታገሉ። ውሃ በሰልፍ በሚገኝበት ከተማ ውሃ ሲፈስ ያዩ ሴቶች፣ «ኧረ ደብሪቱ አብደዋል!» እያሉ ወደ አጥሩ ተሰበሰቡ፤ ከሁሉ በኋላ ፋጡማ መጡ።

«ፋጡማ፣ ነይና ውሃዬን እይው» አሉ ደብሪቱ።

ፋጡማ አዩት። ከዚያም ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና፣ «በዚያ በኩል ያዢ፤ በዚህ እኔ አለሁ» አሉ። ሁለቱ ሴቶች በርሜሉን ገለበጡ፤ ቀጥሎም እንስራዎቹን፣ ቀጥሎም የፋጡማን ጋኖች። ውሃው በአሸዋው ላይ ጥቂት አበራና ጠፋ። ደብሪቱ ስልክ አላነሡም፤ ስልክ አንድ ጊዜ አጣልቷቸዋል። ወደ ማድ ቤታቸው ገብተው አመዱን ጠረጉ፣ ተንበርክከውም ከእሳቱ ዙሪያ የነበሩትን ሦስት ጉልቻዎች አንድ በአንድ ነቀሉ።

በማግስቱ ውዳላት ሻንጣዋን ከጎኗ አቁማ በደብረ ጽሞና መናኸሪያ ተቀምጣ ነበር። ወደ ቆላ የሚወርደው፣ ከዚያ የወጣው መኪና ራሱ ተሳፋሪውን አራግፎ ነውና እርሱን ትጠብቃለች፤ ይኄይስም አጠገቧ ቆሞ መኪናው ጎማው ፈንድቶ እንዲቀር በልቡ ይመኛል። መኪናው ደረሰ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሲያበቃ ሸበቶው ሾፌር ከጣሪያው ላይ አንድ ከባድ ማዳበሪያ በሁለት እጁ እያወረደ፣ «እማማ፣ ድንጋይ? ወደ ደብረ ጽሞና ድንጋይ? እዚህ አገር ከድንጋይ ሌላ ምን ይበቅላል ብለው ነው!» እያለ ሲነጫነጭ፣ ወይዘሮ ደብሪቱ ከመኪናው ሆድ ብቅ አሉ። ልጃቸውን አዩ፤ ሻንጣዋንም አዩ።

«ወዴት ነው?» አሉ።

«አንቺ ጋ ነበር፣ እማዬ» አለች ውዳላት ከተቀመጠችበት።

«እኔ ጋ ከሆነማ ደርሰሻል» አሉና ጎንበስ ብለው ግንባሯን ሳሙት። ከዚያም በጆሮዋ፣ «ውሃውን አየሁት» አሏት፤ ስለዚያ ነገር ከዚህ በላይ አልተናገሩም። የፋጡማን ልጅ ነገር የነገሯት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ወይዘሮ አጸደ ደጃፋቸውን ከፍተው ቢቀበሏቸውም ደብሪቱ አላደሩም። «ቤታችን ጠበበ ወይ? ወይስ እኛ ሰው አይደለንም?» ተብለው ሲነቆሩም፣ «እርስዎ ቤት እኔ እንግዳ ነኝ፣ እንግዳ ደግሞ ምጥ አያስተናግድም። በኩር በእናት ቤት ነው» ብለው መለሱ። ይኄይስ ከግቢው ሁለት ደጅ አልፎ አንዲት ክፍል ተከራየላቸው፤ ደብሪቱም የሌላ ሰው አመድ ጠርገው ጥለው ሦስቱን ጉልቻዎች በወለሉ መካከል ተከሉ፣ እሳትም አነደዱ። ወይዘሮ አጸደ በሩ ላይ ቆመው፣ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል» ሲሉ፣ ደብሪቱ እፍ እያሉ፣ «እሱማ እውነት ነው፤ ስለዚህ ነው ያልለወጥኩት» አሉ፤ አጸደም ሳይወዱ ሳቁና የቅቤውን ቅል ሊያመጡ ሄዱ። በማግስቱ ውዳላት ሻንጣዋን ይዛ ከባሏ ቤት ወጣች፤ ይኄይስ እንደ ረጅም መንገደኛ ሸኛት፣ እናቷም በሁለተኛው ደጅ እንደ ሩቅ አገር እንግዳ ተቀበሏት። ምጡ በመጣ ጊዜ በጤና ጣቢያው በነጃት እጅ ወለደች፤ ወገቧን የያዙት ግን ደብሪቱ ነበሩ፣ ሴት ልጅ መሆኗ ሲነገርም ቀድመው እልል ያሉት እርሳቸው ናቸው። የአራስ ገንፎዋ የተገነፋው ከቆላ በመጡት ድንጋዮች ላይ ሲሆን፣ ሕፃኗም የታጠበችው ነጃት ክዳኑን ራሷ መርምራ በፈቀደችው አንድ ትንሽ ባልዲ ውሃ ነው። ደብሪቱ ያን ውሃ በመዳፋቸው እየቀዱ በልጅ ልጃቸው ጀርባ ላይ ሲያፈስሱ አንድ ጊዜ ቆም አሉ፤ ከዚያም ቀጠሉ። ያጠራቀሙትን ለመስጠት ፍቅር ብቻውን ይበቃል፤ ያጠራቀሙትን ለማፍሰስ ግን ፍቅር ራሱን መርምሮ ጥበብ መሆን አለበት።