ውሃ የማያፈስ ምድጃ

ባሌ አርባ ዓመት ሙሉ የውሃ ታንከር በያጅ ነበር። በሠራው ታንከር ላይ አንዲት ጠብታ ከታየች እንቅልፍ አይወስደውም። ጡረታ ሲወጣ መብራትም ቧንቧም ወደማይደርስበት በረሃ ይዞኝ መጣ። ፀጥታውን እያሞገሰ አባበለኝ፣ እኔም ሞኟ ተከተልኩት። በረሃ ቀን እንደሚያቃጥል እንጂ ፀሐይ ስትጠልቅ እንደሚያንቀጠቅጥ የነገረኝ የለም። ጉልበቴ በብርድ አልታጠፍ ሲለኝ ቁርጡን ነገርኩት።

“ሐሙስ የውሃ ቦቴው ሲመጣ ከሾፌሩ ጋር ወደ እህቴ እሄዳለሁ። ይቺ ክፍል ካልሞቀች አልመለስም።”

በማግስቱ አሮጌ በርሜል እያንከባለለ መጣ። ቀለሙን ደጅ አቃጥሎ አራገፈው፣ አጋደመው፣ እግር በየደለት፣ ከፊቱ በር ቆርጦ በማጠፊያ ሰቀለ፣ ጠርዙንም ጠብታ እንዳያሳልፍ አድርጎ ገጠመው። ሦስት ቀን ሙሉ የብየዳ ጄኔሬተሩ አደነቆረኝ። ረቡዕ ከሰዓት ብወጣ፣ ከሳምንት ውሃችን የተረፈውን በጭስ ማውጫው ቀዳዳ ገልብጦበት በርሜሉን በደረቅ ጨርቅ እየዳበሰ ይዞራል።

“ጠብ አላለም” አለኝ፣ ፊቱ በርቶ።

“ምድጃ ነው ወይስ እንስራ?”

“ሥራ ሥራ ነው።”

ሐሙስ ማለዳ ምድጃውን ክፍላችን ውስጥ ተክሎ ቱቦውን በጣሪያው አወጣ። እንጨት ከምሮ ለኮሰና በሩን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። እሳቱ ጠፋ። ደግሞ ለኮሰ፣ ደግሞ ጠፋ። በሩን በከፈተ ቁጥር ጭሱ እኛ ላይ ነው። በመስኮት የቦቴው አቧራ ይታያል፣ ሻንጣዬም ታስሮ ተቀምጧል።

“እንጨቱ እርጥብ ነው” አለ።

ሦስት ዓመት ዝናብ ያላየ እንጨት! ከነሳሌ ሳቄ አመለጠኝ።

“ሰውዬ፣ በምን ይተንፍስ? አፉንም አፍንጫውንም ደፍነህበት።”

ምድጃውን አየ፤ እኔን አየ። ድሪሉን አምጥቶ ከበሩ ግርጌ ደገነውና ቆመ። እጁ እምቢ አለው። አርባ ዓመት ቀዳዳ ሲደፍን የኖረ ሰው፣ ደህና ብረት ብሳ ሲባል እንዴት እንደሚጨንቀው ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ አንጀቴን በላው። ዓይኑ ወደ ሻንጣዬ ሄደ።

“ካንቺ አይበልጥም” አለና ተጫነው።

ሦስት ቀዳዳ በሳ። ለኮሰ። እሳቱ አየሩን ሳበና አጉረመረመ፤ ወዲያው ክፍሏ ሞቀች፣ እኔም ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድኩ። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ።

ሾፌሩ አንኳኩቶ ገባ። ሰላምታውን ሳይጨርስ እጆቹን ወደ ምድጃው ዘረጋ።

“እማማ፣ ሻንጣው የቱ ነው?”

ባሌ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጦ በቀዳዳዎቹ እሳቱን ያያል።

“ተወው” አልኩት ሾፌሩን፣ “ወንበር ሆኗል።”

ባሌ ዞር እንኳ አላለም።

“አራተኛ ልብሳ እንዴ?” አለ።