ዓባይነህ የተዋሱት አያት

«እዚህ ድንኳን ያልመጣ የቦጂያ ዘር ካለ ገና አልተወለደም ማለት ነው» አለች ጎረቤቲቱ ድንቅቱ፣ የንፍሮውን ሰፌድ በሰው ራስ ላይ እያሳለፈች።

እውነቷን ነው። በሟቹ በዓባይነህ ሣልስት ዕለት ቡራዩ ጠበበች። ከሱሉልታ በፈረስ የመጣው ለቀስተኛ ያስነሳው አቧራ ብቻ ፀሐይዋን ከለላት። ከሰበታ ሰው ጭኖ የመጣው ትሬንታ ኳትሮ መኪና፣ ጭነቱ ሲራገፍለት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ተነፈሰ። ይሄ ሁሉ ሕዝብ የወጣው ለአንድ የጨውና የላምባ ቸርቻሪ ነው፤ ዘመዳችን ሞተ ብሎ።

ልጃቸው ወርቅውሃ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣለች። አባቷ እዚያ ከተቀመጠው ሰው የአንዱም ዘመድ አልነበሩም። ይህንን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብላ ታስባለች።

ዓባይነህ ጣሊያን በወጣ ማግስት አንድ አህያ እየነዱ ከመንዝ መጡ። ወር ሳይሞላቸው ግን አገሬው ከሚኮራበት ከጥንቱ አያት ከቦጂያ ጋር ተዛመዱ። «የቦጂያ ልጅ ወደ ሰሜን ዘምቶ፣ እዚያው አግብቶ ቀረ። እኔ የቦጂያ የልጅ ልጅ ልጅ ነኝ» አሉ። ማን መንዝ ድረስ ሄዶ ይጠይቅ? ከዚያ ወዲህ ጠላ በቀረበ ቁጥር ትውልዱ ይረዝማል። በሁለተኛው ጣሳ አምስት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳሉ። በሦስተኛው ከኖኅ መርከብ ይደርሱና «በሩን ከውስጥ የቀረቀረው የኛ ሰው ነው» ይላሉ። ጠላው ባያልቅባቸው ኖሮ አዳምን ራሱን «አንተ ደግሞ ከማን ወገን ነህ?» ብለው ባፋጠጡት ነበር።

ጣጣው የመጣው ወርቅውሃ ኩምሳን የወደደች ጊዜ ነው። ኩምሳ የኦቦ ደቻሳ ልጅ ነው፤ ኦቦ ደቻሳ ደግሞ የቦጂያ ዘር ታላቅ። ሰባት ቤት ሳይሞላ ጋብቻ የለም፤ በአባቷ ቆጠራ ሁለቱ አራተኛ ቤት ላይ ወንድምና እህት ናቸው።

«አባባ፣ ቦጂያን ይተዉልኝና ልዳር» ብላ እግራቸው ላይ ወድቃ ነበር።

እኚያ አፈኛ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቦጂያን ከተውኩት ምን ይቀረኛል? ስሞት ማን ይቀብረኛል?» አሉ።

ይኸው ተቀበሩ፤ ያውም ከቦጂያ ልጆች ተርታ።

«ምላጩ መጣ» አለች ድንቅቱ ጠጋ ብላ። «የሥጋ ዘመድ ሊላጭ ነው። እንግዲህ ዓይንሽን ከዚያ ልጅ ላይ አንሺ፤ ከዛሬ ወዲያ ወንድም ጋሼ ነው የምትይው።»

ኦቦ ደቻሳ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ምላጩ ነጭ ፀጉራቸውን ከግንባር እስከ ማጅራት ይዞ ወረደ። ቀጣዩ ተረኛ ከጎናቸው የተቀመጠው ኩምሳ ነው። ይሄ ሁሉ ሰው እያየ ከተላጨ፣ ወንድምነቱን የሚፍቅ ዳኛ ከሱሉልታ እስከ ሰበታ አይገኝም። ከተናገረች ደግሞ አባቷን ሞተው እንኳ ታዋርዳለች።

ተነሳች። ድምፅዋ ገፈርሳ ድረስ ተሰማ።

«ኦቦ ደቻሳ፣ ኩምሳ አይላጭ። አባቴ የቦጂያ ዘር አይደሉም።»

ሙሾው ቀጥ አለ። ውጭ የታሰሩት ፈረሶች ሳይቀሩ ማላመጥ አቆሙ።

ኦቦ ደቻሳ በግማሽ የተላጨ ራሳቸውን ቀና አደረጉ። «አውቃለሁ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አሉ። «አባትሽ በመጣ ሰሞን የቦጂያን ትውልድ የቆጠርኩለት እኔ ነኝ። በሳምንቱ ቤቴ መጣና የራሱ አድርጎ መልሶ ቆጠረልኝ። አንድ ስም አላዛነፈም። ልጆቼ እስከ ዛሬ እንደሱ አይችሉም።»

ድንቅቱ ሳቋን በነጠላዋ ልታፍን ሞከረች፤ አልሆነላትም።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» አለች ወርቅውሃ።

«አያቶቼን እንደሱ የወደደልኝ ሰው የለም። በምን አንጀቴ ላሳፍረው?» ቀጥለው ልጃቸውን አዩት፤ መልሰው እሷን አዩ። «ያላወቅሁት ይህንን ነው። ኩምሳ፣ ከዚህ ተነስ። አማች የሚቀመጠው ከወዲያ ነው።»

ኩምሳ የድንኳኑን ካስማ ሊነቅል እስኪደርስ እየተደናቀፈ ተሻገረ። ወርቅውሃ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ከሥሩ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ድንቅቱ እንኳ አለየችም።

ምላጭ ያዡ ግራ ገብቶት እጁን ሰበሰበ። «እንግዲህ ዘመድ ካልሆነ ላቁም፣ ኦቦ?»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ዝቅ አደረጉና፣ ያልተላጨውን የራሳቸውን ወገን አዙረው ከምላጩ ሥር አጎነበሱ።