የወይዘሮ ሸዋሉል አውራ ጣት

ሙፈሪሃት ስቶክሆልም ውስጥ ስፖንጋ ካለው የጥፍር ሳሎን ለፕራክቲክ፣ ለሥራ ልምምድ፣ በገባች በአራተኛው ቀን የሰው ጣት አደማች።

ደንበኛዋ ወደ ምርቃት ግብዣ የምትሄድ ወጣት ነበረች። ሙፈሪሃት በጥፍሯ ዙሪያ ያለውን ደረቅ ቆዳ በትንሿ መቀስ ስታነሳ አለፍ አለችና ሥጋውን ነካችው። ልጅቷ ጮኻ እጇን ሰበሰበች፤ ነጩ ፎጣ ላይ ደም ጠብ አለ። የሳሎኑ ባለቤት አክሱማዊት ከማዶ ብድግ ብላ መጣችና ሙፈሪሃትን በክርኗ ገፋ አድርጋ ወንበሩን ያዘች።

«ዶሮ ነው እንዴ የምትገነጥዪው?» አለች፣ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ እንዲሰሙ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «በአርባ ዓመትሽ ጥፍር ልማር ብለሽ ትመጪና በሰው ገላ ትጫወቺብኛለሽ! ሂጂ ፎጣ እጠፊ!»

ከሚጠብቁት አንዷ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። ሙፈሪሃት ጓዳ ገብታ ፎጣዎቹን አጠፈች። ስትጨርስ ዘርግታ እንደገና አጠፈቻቸው፤ የፊቷ ግለት ሳይበርድላት ወደ ሰው መውጣት አልሆነላትም።

ከኮምቦልቻ ስቶክሆልም ከገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ዘጠኙን ዓመት ሄምሸንስት ሠርታለች፤ በየቤቱ እየዞረች አረጋውያን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ከወንበር ስታነሳ ወገቧ ከዳት፣ ሐኪሙም ከእንግዲህ ሰው ማንሳት የለም አላት። ተቀምጣ የምትሠራው ሥራ ስትፈልግ የጥፍር ኮርስ ገባች። የምስክር ወረቀቱን ለማግኘት ሦስት ወር ሳሎን ውስጥ መሥራት ግዴታ ነበር። አማርኛ የሚነገርበት ሳሎን ስታገኝ ደስ ብሏት ነበር፤ የማይገባኝ ነገር አይኖርም ብላ። እውነትም ያልገባት ነገር አልነበረም፤ የአክሱማዊት ስድብ አንዲት ቃል ሳትጎድል ትገባት ነበር።

አክሱማዊት ሃምሳን ያለፈች፣ እጇ ፈጣን፣ አፏ ከእጇም የፈጠነ ሴት ናት። «እኔን ማን አባበለኝ?» ትላለች። «ያስተማረችኝ ሴትዮ ስሳሳት በሞረዱ ጀርባ ጣቴን ትመታኝ ነበር። ይኸው ሰው ሆንኩ።» ከእሷ ጋር የምትሠራው የእህቷ ልጅ ናዝሬት ናት። ናዝሬት ስዊድን ተወልዳ ያደገች በመሆኗ አማርኛ ትሰማለች እንጂ የምትመልሰው በስዊድንኛ ነው። ሙፈሪሃት የሆነ ነገር ከጠየቀቻት «ሴን» ትላታለች፣ በኋላ ማለቷ ነው። ያ በኋላ አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም።

የሚያሳያት ስታጣ ሙፈሪሃት በዓይኗ መስረቅ ጀመረች። ወለል እየጠረገች የአክሱማዊትን እጅ ታያለች። ሞረዱን እንዴት ዘንበል እንደምታደርገው፣ ጄሉን እንዴት በስሱ እንደምትቀባው፣ ከቆዳው የፀጉር ያህል ራቅ ብላ እንዴት እንደምታቆም። ቆዳውን የነካ ጄል በሦስተኛው ቀን ይነሳል፤ በተነሳው በኩል ደግሞ ውሃ ይገባል። ይህን በኮርሱ ተምራዋለች፤ እጇ ግን ገና አላወቀውም ነበር።

እጇን ያስተማረችው በባሏ ጣቶች ነው። አብዱልጀባር አውቶቡስ ነጂ ነው። ሄሰልቢ ባለው ቤታቸው፣ ከሥራ ሲመለስ ኳስ እያየ እጆቹን ይዘረጋላታል፤ አሥሩን ትቀባለች፣ አሥሩን በአሴቶን ታነሳለች። አንድ ቀን ግን ትንሿን ጣቱን ረስታት ቀይ እንደሆነች ሄደ። የሥራ ጓደኞቹ ቀኑን ሙሉ ሲስቁበት ውለው ተቆጥቶ ተመለሰ።

«እኔ የሰው መሣቂያ አይደለሁም» አላት። «ሴትየዋ ካልወደደችሽ ምን አስለፋሽ? ተይውና ሌላ ፈልጊ።»

«አልተወውም።»

«እንግዲያው የራስሽን እጅ አበላሺ።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት እጁን አልሰጣትም። በራሷ ግራ እጅ ላይ ሠራች፤ የግራው ጥፍር ሲሳሳ፣ በግራ እጇ ቀኙን ሠራች።

በሰባተኛው ሳምንት አክሱማዊት ማንም የማይፈልጋቸውን ደንበኞች ትሰጣት ጀመር፤ የሚጨቃጨቁትን፣ አርፍደው የሚመጡትን። «ጀማሪዋ ናት እንዴ የምትሠራኝ?» ይላሉ ፊቷ ላይ፣ እንደማትሰማ። ትሰማለች፣ ትሠራለች። ከሠራቻቸው ጥፍር ተነሳብኝ ብሎ የተመለሰ አልነበረም። ይህንንም ማንም አላላትም፤ ራሷ ነበረች ልብ ያለችው።

በግንቦት አንድ ሐሙስ ወይዘሮ ሸዋሉል መጡ። ስድሳ ያለፋቸው፣ ስቶክሆልም ያለ አበሻ ግማሹ የሚፈራቸው ሴት ናቸው። ቅዳሜ ልጃቸውን ይድራሉ። አክሱማዊት ሌላ ደንበኛ ይዛ ስለነበር አሮጌውን ጄል እንድታነሳ ሙፈሪሃትን አዘዘቻት።

«ቀስ በይ፣ እጄ እንጨት አይደለም» አሉ ወይዘሮ ሸዋሉል ገና ሳትነካቸው።

ዘጠኙ በሰላም ተነሱ። የቀኝ አውራ ጣታቸው ጄል ግን ጫፉ ላይ ተድበስብሶ የተለጠፈ ነበር። ሙፈሪሃት በዝግታ ሞርዳ ስታነሳው ሥር ያለው ጥፍር አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፤ ጫፉም ከሥጋው ተላቋል። እጇን አቆመች።

«እትዬ አክሱማዊት፣ እስቲ ይህን ይዩት።»

አክሱማዊት መጥታ አየችና ጎንበስ ብላ በጆሮዋ «ላዩን ሞርጂና ሸፍኚው። ለቅዳሜ ቀይ ነው የሚፈልጉት» አለቻት።

«ይህ አይሸፈንም። ጀርም ነው። ከተሸፈነ ይብስበታል፤ አየር ማግኘት አለበት።»

«ምንድን ነው የሚብሰው?» አሉ ወይዘሮ ሸዋሉል። ጣታቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉና ክው አሉ። «ይኼ ምንድን ነው? ምን አደረጋችሁኝ?»

አክሱማዊት ለአፍታ እንኳ አላመነታችም። «ባለፈው ጫፉ ተነሳ ብለው ሲመጡ እጅዎን ያጠበችዎ እሷ ናት። በደንብ ሳታደርቅ ሰጠችኝ፣ ውሃው ከሥር ቀረ። ይኸው ጀማሪ ማስጠጋት!»

ሙፈሪሃት ጆሮዋን አላመነችም። ያን ቀን ጓዳ ውስጥ የሥራ ዕቃዎቹን ስትቀቅል በክፍቱ በር አይታለች። የተነሳውን ጄል ሳታነሳ በላዩ አዲስ የቀባችው አክሱማዊት ራሷ ናት፤ አጠገቧ የነበረችውም ናዝሬት ናት።

«ያን ቀን እጅዎን አልነካሁም» አለች። «ናዝሬት ታውቃለች።»

ወይዘሮ ሸዋሉል ወደ ናዝሬት ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ማን ነበረች?»

ናዝሬት አክስቷን አየች፣ ከዚያ ስልኳን አየች። «ቬት ኢንተ» አለች። አላውቅም።

ሙፈሪሃት ሞረዱን አስቀመጠች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአረጋውያንን እጅና እግር ስታጥብ ከርማለች፤ የታመመ ጣት ስታይ የመጀመሪያዋ አይደለም፤ ቤተሰብ መስማት የማይፈልገውን ስትናገርም የመጀመሪያዋ አይደለም።

«ጥፋቱን የእኔ ያድርጉት» አለች፣ ድምጿ ራሷን እስኪገርማት ረግቶ። «ዘጠኙን አሳምሬ እሠራልዎታለሁ። ይህን አሳጥሬ፣ አጽድቼ እተወዋለሁ፤ ነገ ጤና ጣቢያው፣ ቮርድሴንትራል ሄደው ያሳዩት። ወላሂ እትዬ አክሱማዊት ቢያባርሩኝም አልሸፍነውም።»

«ቅዳሜ ልጄን ስድር አንድ ጣቴ ራቁቱን ሊቆም ነው?»

«አዎ።»

«ተነሺ ከወንበሩ!» አለች አክሱማዊት። «እትዬ ሸዋሉል፣ እኔ እጨርስልዎታለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።» እጃቸውን ልትይዝ ስትል ወይዘሮ ሸዋሉል ጣታቸውን ጉያቸው ውስጥ ደበቁ።

«አንቺ ደግሞ አትንኪኝ!» አሏት። ከዚያ ሙፈሪሃትን ከላይ እስከ ታች አይተው፦ «ዘጠኙን ጨርሺ። አፍሽን ግን ዝጊ። ሁለታችሁም ሌቦች ናችሁ።»

አንድ ሰዓት ያህል ሠራች። አክሱማዊት ከጀርባዋ ቆማ ትተነፍስባታለች፤ ወይዘሮ ሸዋሉል ሻርፓቸውን እያስተካከሉ ያጉረመርማሉ። ሙፈሪሃት የሚታያት ጥፍሩ ብቻ ነበር። ቀዩ ጄል ወደ ቆዳው ጥግ ደርሶ ሊፈስ ሲል በብሩሿ ጫፍ መልሳ ያዘችው፤ ዘጠኝ ጊዜ እንደዚያ፣ ዘጠኙንም ሳትስት። ስትጨርስ ወይዘሮ ሸዋሉል እጃቸውን እያገላበጡ አዩና ምስጋና የሚመስል ነገር ሳይተነፍሱ በሩን ወርውረውት ወጡ።

«ነገ እንዳትመጪ» አለች አክሱማዊት።

«የሠራሁበትን ወር ፈርመው ይስጡኝ።»

«ደንበኛዬን ላባረርሽብኝ ልፈርምልሽ? ሂጂ ከዚህ!»

ሙፈሪሃት የራሷን ሞረዶችና ብሩሾች ለቀመች። ናዝሬት ቀና ብላ አላየቻትም። ስፖንጋ ጣቢያ ደርሳ ወደ ቤቷ ተሳፈረች።

በማግስቱ ለኮርሱ አስተማሪ ሁሉን ነገረቻት። አስተማሪዋ አላጽናናቻትም። «ስሚኝ፣ በወሬ አልፈርድም፤ እጅሽን ልይ» ብላ አንዲት ሴት አስቀምጣላት፣ ስትሠራ ከአጠገቧ ሳትነቃነቅ አየቻት። ከዚያ የቀረውን ሰዓት ትምህርት ቤቱ ውስጥ እንድትጨርስ ፈቀደችላት። በሐምሌ ምስክር ወረቀቷን ይዛ፣ ሄሰልቢ አንዲት ፀጉር ሠሪ ዘንድ አንድ ጠረጴዛ ተከራየች። አክሱማዊት «የሰው ጣት ታበሰብሳለች» ብላ ስሟን ስላጠፋችው አበሾቹ አልመጡላትም። የመጡት የሠፈሩ ሌሎች ሴቶች ናቸው፤ የመጡትም ተመልሰው መጡ።

በነሐሴ መጨረሻ ሰው ሁሉ በሥራ ላይ ባለበት ቀትር ላይ ወይዘሮ ሸዋሉል በሩን ከፍተው ገቡ። ቤቱን ዙሪያውን አዩት።

«ጠባብ ነው» አሉ።

«ይቀመጡ።»

ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ። «ነርሷ ስታየው ሳይሸፍኑት መተዋቸው ደግ ነው አለች። ሸፍናችሁት ቢሆን ጥፍሩን ታጪው ነበር አለችኝ።» ነገሩን የተናገሩት በንዴት ነው፣ ሳይወድ ለማመን እንደተገደደ ሰው። «አንቺን ወድጄሽ አልመጣሁም። የዚያች ሴት ፊት አስጠልቶኝ ነው።»

«ግድ የለም።»

«ስምሽን በየቤተ ክርስቲያኑ እያጠፋች ነው። አትመልሺላትም?»

ሙፈሪሃት አውራ ጣታቸውን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። አረንጓዴው አድጎ ሊያልቅ ጫፉ ላይ ደርሷል፤ ጫፉ ግን ከሥጋው ገና አልተጣበቀም።

«አሥሩንም ወይን ጠጅ አድርጊልኝ» አሉ ወይዘሮ ሸዋሉል።

«ዘጠኙን። ይህ አንድ ወር ይቀረዋል።»

«እንደገና? አንቺ ሴት በሽታ አለብሽ!» ቦርሳቸውን አንስተው ብድግ አሉ። ሙፈሪሃት አልለመነቻቸውም፤ ወይን ጠጁን ጠርሙስ ከመደርደሪያው አውርዳ ክዳኑን ከፈተችና ጠበቀች። ወይዘሮ ሸዋሉል በሩን አዩ፣ ጣታቸውን አዩ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተመልሰው ተቀመጡ።

«ቶሎ በይ» አሉ። «ሥራ ፈት አይደለሁም።»