መጨረሻ የነካው

"ያዝ፤ እንዳትለቀው" አለ ኦጅዋክ ጥርሱን ነክሶ።

ሞተሩ ከማንጎው ቅርንጫፍ በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ከአሮጌው ሞተር ሳይክል ቴላዮ፣ ከብረት አጽሙ በላይ አንድ ክንድ ያህል ይወዛወዛል። ገመዱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ቀስ በቀስ የሚለቀው እንየው ነው። ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ነው፤ የሚጠርግበት እጅ ግን የለውም። እንየው መካኒክ አይደለም። ከአቦቦ ወዲያ ካለው የሠፈራ መንደር ጎሕ ሲቀድ በጭነት መኪና የመጣ ገበሬ ነው። መንደሩ ኩፍኝ ገብቶበት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሕፃናት ቀብረዋል። የእሱ ሁለት ልጆች ገና አልተያዙም፤ ዛሬ ከተከተቡ ያመልጡ ይሆናል።

ክትባቱ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ጥላ ሥር፣ በበረዶ ሳጥን ተቀምጧል። አጠገቡ የኦጅዋክ የወንድም ልጅ አቻን ቆማለች። ነርስ ናት። በረዶው እስከ ማታ ቢቆይ ነው። ጋምቤላ ክልል ከሆነች ወዲህ ቢሮው በዝቶ መኪናው አልበዛም፤ ያለችው አንዲት መኪና ፑኝዶ ሄዳለች። እንየውን ያመጣው ጭነት መኪና ወደ ጎሬ ቀጥሏል፤ ወደ አቦቦ የሚሄድ ሌላ እስከ ቅዳሜ አይገኝም። እንግዲህ የቀረው ይኸው የአባቷ ሞተር ሳይክል ነው፤ በጋምቤላ ከነበረው የእንግሊዞች የንግድ ሰፈር ዘመን የተረፈ፣ ከአቻን በዕድሜ የሚበልጥ።

ሞተሩ በፊት በኩል ቴላዮው ላይ ልክ ገባ። የኋላው ቀዳዳ ግን አልገጠመም። ወንድሙ፣ የአቻን አባት፣ በሕይወት ሳለ ቦይ ውስጥ ይዞት ወድቆ ነበር፤ ቴላዮው ከዚያ ወዲህ ትንሽ ተጣሟል። ኦጅዋክ ረጅም ብረት ከሥር አስገብቶ በትከሻው ገፋ። ቡሎኑ እየጮኸ ገባ፤ ዳዶውንም አጠበቀ። ሥራው በዚህ ማለቅ ነበረበት። አቻን ስትለምነው "ቴላዮው ላይ ብቻ አስቀምጥልኝ" ነበር ያለችው። ያቺ "ብቻ" እስካሁን ትከነክነዋለች።

ሞተሩን አፍርሶ ያደሰው የመቱው መካኒክ ባንተአምላክ ነው። አቻን ለእሱ ለገዛ አጎቷ ሳትሰጥ በአውቶቡስ ጣሪያ ጭና ደጋ ላከችው። ምክንያቱን ኦጅዋክ ያውቃል፤ ከተማውም ያውቃል። በጋምቤላ መካኒኮች ዘንድ ሞተር ሲበላሽ የሚጠየቀው መጨረሻ የነካው ነው፤ መንካት ማለት ደግሞ መክፈት ነው። አምና የነጋዴውን የሱሩርን የጀልባ ሞተር ኦጅዋክ አደሰ። በሦስተኛው ቀን ማታር ከተማ ሳይደርስ ወንዝ መሀል ቀጥ አለ። የሱሩር ሰው የተቃጠለ ዘይት ሞልቶበት ነበር፤ ዘይት መሙላት ግን እንደ መንካት አይቆጠርም። ኦጅዋክ በዚያ ሰሞን የሥራ ምልክቱን ተወ። በፊት አንድ ሞተር ሲጨርስ በሞተሩ ጆሮ፣ በማሰሪያ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ፣ በመብሻ ሦስት ነጥብ ይመታ ነበር። መብሻው አሁን የመሣሪያ ሣጥኑ ሥር ዝጎ ተቀምጧል።

በአራተኛው ርግጫ ሞተሩ ተነሣ። እንየው "ተመስገን" ብሎ መሬት ላይ ዘፍ አለ። አቻን ሳቀች፤ ሳጥኑን የምታስርበትን ገመድ ማዘጋጀት ጀመረች። ኦጅዋክ ግን አልሳቀም። የሞተሩ ድምፅ ቀጭንና ደረቅ ሆነበት፤ ቤንዚኑን ሲለቅለት ሞተሩ ያስላል። እስከ ድልድዩ ልሞክረው ብሎ ወጣ።

ድልድዩ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ካንዴላውን ፈታና አየው። እንደ ኖራ ነጭ ነው። ሲሊንደሩ አጠገብ ያስጠጋው እጁ ወዲያው ተቃጠለ። ነገሩ ወለል ብሎ ታየው። ሞተሩ ቤንዚን እያነሰው ከልክ በላይ ይግላል፤ በአቦቦ መንገድ ሃያ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ፒስተኑ ይጣበቃል።

ከሥሩ ባሮ ወንዝ ይፈሳል። ኦጅዋክ የድልድዩን የጎን ብረት ተደግፎ ቆመ፤ ክፉ ሐሳብም መጣበት። ዝም ቢልስ? እሱ አልከፈተውም፣ አልነካውም። መንገድ ላይ ሲቀር ስሙ የሚነሣው የመቱው ሰውዬ ነው። ከተማው "ይኸው፣ ደጋ ድረስ የላከችው" ይላል። ከከፈተው ግን ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቢቆም "የሱሩርን የፈጀው እጅ" ይሉታል፤ ጋምቤላ ውስጥ ሞተር የሚሰጠው አያገኝም። ካንዴላውን መልሶ እስኪያስር ድረስ ልቡ አልወሰነም ነበር። አፈረ፤ በራሱ በጣም አፈረ። ልጆቹ ምን አደረጉት?

ግቢው ሲደርስ አቻን የበረዶ ሳጥኑን ተሸክማ ጠበቀችው።

"አትሄጂም" አላት በአኝዋክኛ። "ቤንዚን ያንሰዋል። ፒስተኑ ይጣበቃል።"

"ባንተአምላክ አንድ ቀን ሙሉ ነድቶ ሞክሮት ነው የሰጠኝ።"

"የነዳው መቱ ነው። እዚያ ተራራ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑን ቀንሶለታል። እዚህ አየሩ ወፍራም ነው።"

አቻን ሳጥኑን አስቀመጠች። እንየው ቋንቋው አልገባውም፤ ፊታቸውን አይቶ ግን ከተቀመጠበት ተነሣ። እሷም እሱ እንዲሰማ ወደ አማርኛ ዞረች።

"አጎቴ፣ እውነቱን ንገረኝ። ሞተሩን ለአንተ ስላልሰጠሁ ተናድደህ ነው?"

"አዎ፣ ተናድጃለሁ" አለ ኦጅዋክ። ካንዴላውን እንደገና ፈትቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። "ካንዴላው ግን አልተናደደም። እይው።"

ነጩን ነገር አገላብጣ አየችው። በሽተኛ እንደምታይ ነበር የምታየው፤ ሳትቸኩል። ከዚያ ምን ልስጥህ አለችው።

"መርፌ። አዲስና ቀጭን።"

ኦጅዋክ ካርቡራተሩን ከፍቶ ቤንዚን የሚያልፍባትን የነሐስ ቁራጭ አወጣ፤ ከበቆሎ ፍሬ አትበልጥም። መሀሏ ላይ ያለችው ቀዳዳ ለዓይን ታስቸግራለች። እሷን በመርፌው ጫፍ ፍቆ ማስፋት አለበት፤ ትንሽ ከበዛ ቤንዚኑ ያጥለቀልቀውና ሞተሩ ጨርሶ አይነሣም። ምትክ ደግሞ በመላው ጋምቤላ የለም።

"ጋሼ ኦጅዋክ፣ ከተበላሸስ?" አለ እንየው።

"ከተበላሸ እኔ ነኝ ያበላሸሁት።"

መርፌውን አስገብቶ አዞረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ወደ ፀሐይ አንሥቶ በአንድ ዓይኑ አየ። እንደገና ሁለት ዙር። አቆመና የላበ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች፤ ሳጥኑ ላይ ያረፈውን ጥላ እየገፋች ነው። እንየው ማንም ሳያዘው ሳጥኑን ጎትቶ ወደ ግድግዳው አስጠጋ። ኦጅዋክ አንድ ዙር ጨመረና ይበቃል አለ፤ መብቃቱን ግን እርግጠኛ አልነበረም።

ሞተሩ በመጀመሪያው ርግጫ እምቢ አለ። በሁለተኛውም እምቢ አለ። በሦስተኛው ተነሣ፤ ድምፁም ወፈረ። ኦጅዋክ ድልድዩ ድረስ ደርሶ ሲመለስ ካንዴላው የለውዝ ቅርፊት መልክ ይዟል። ለአቻን አሳያት። መልካም መልክ ነው፤ ግን ድልድዩና አቦቦ ለየቅል ናቸው።

ሳጥኑን አሰሩት። እንየው ከኋላ ወጥቶ ተቀመጠና ሳጥኑን በአንድ እጁ ደገፈው። አቻን መሪውን ይዛ ወደ አጎቷ ዞረች፤ ባንተአምላክን ምን ልበለው ብላ ጠየቀችው።

"ምንም። ሰውዬው ለአገሩ አየር በደንብ ሠርቶታል። መንገድ ላይ ከቆመ እሱን እንዳትሰድቢ።"

ለመርገጥ እግሯን ስታነሣ "ቆይ" አላት። የመሣሪያ ሣጥኑን ገልብጦ ሥሩን በረበረ፤ የዛገውን መብሻና መዶሻውን ይዞ ተመለሰ። ተንበርክኮ የሞተሩን ጆሮ በጨርቅ ጠረገ። አቻን ምን ሊያደርግ እንደሆነ ገባት። አባቷ በሕይወት ሳለ አጎቷ የሚመታቸውን ነጥቦች በጣቷ እየዳሰሰች ነው ያደገችው።

"እስክንደርስ አትጠብቅም?" አለችው ቀስ ብላ። "ቢቆምስ?"

ኦጅዋክ መብሻውን ብረቱ ላይ አቆመና የመጀመሪያውን ነጥብ መታ። ሁለተኛውንም መታ። ለሦስተኛው እጁን ጠርጎ፣ መብሻውን አስተካክሎ፣ መዶሻውን አነሣ።

"ቢቆም ማንን እንደሚጠይቁ ይወቁ" አለና መታው።