የቁጥር አርባ ሰባት ምርጊት

ጣሊያን አዲስ አበባ በገባ በሁለት ዓመቱ፣ ግንቦት ላይ፣ ኮልፌ የሚኖረው ዱባለ በቤቱ ግድግዳ ላይ ከውጭ ሌላ ግድግዳ ሊደርብ ተነሣ። ባለፈው ክረምት ከወጨጫ ተራራ የሚወርደው ነፋስ በስንጥቁ እየገባ እናቱን ወይዘሮ ሰርኬን ደረታቸውን ይዞ ሦስት ወር አስተኝቷቸዋል። ሌላ እንዲህ ያለ ክረምት እንደማይችሉ እሱም እሳቸውም ያውቃሉ።

ችግሩ ቤቱ ሊፈርስ መሆኑ ነው። ከሰፈሩ የሱ ብቻ ወደ መንገዱ ገባ ብሏል ተብሎ፣ ጣሊያኖች ለክተውት በሩ አጠገብ በቀይ ቀለም 47 ጽፈውበት ሄደዋል።

«የሚፈርስ ቤት ልትመርግ?» አለው ጎረቤቱ ነገሬ። «እንግዲያው ነገ ለሚታረድ በሬም ጫማ ግዛለት።»

«መቼ እንደሚፈርስ አልነገሩኝም። ዝናቡ ግን ሰኔ ላይ ነው።»

ለደቦው መጀመሪያ የደረሰው ነገሬ ነበር። ከነባሩ ግድግዳ ውጭ አዲስ ማገር መቱ፤ በመካከሉ ጭድ ጠቀጠቁ፤ ላዩን ሳምንት በተቦካ ጭቃ መረጉት። ግድግዳው በየጎኑ አንድ ስንዝር ወፈረ። ዱባለ «አደራ፣ ቁጥሩን እንዳትነኩት» ብሎ ነበር፤ ግን በደቦ የመጣ ሰው ቀዳዳ ትቶ መሄድ ነውር ነው። ሥራው ሲያልቅ ቁጥሩ የለም።

«አስቀያሚ ነበር» አለ ነገሬ፣ እጁን እየታጠበ።

ሰኔ በገባ በሳምንቱ ጣሊያኑ መሐንዲስ ከአስተርጓሚ ጋር መጥቶ ቀይ ቀለም ያለበት ቤት ፈለገ። አጣ። ዱባለ በጎረቤት ላይ ጣጣ እንዳይመጣ ብሎ ወጣ።

«47 ይሄ ነው ጌታዬ። ቁጥሩ ከምርጊቱ ሥር ነው፤ ልፋቀው?»

መሐንዲሱ ሜትሩን አውጥቶ ለካ። መዝገቡ ላይ የቤቱ ርዝመት ስምንት ሜትር ነው፤ ግድግዳው ስምንት ሜትር ከአርባ ሳንቲ ሜትር ሆነ። ደግሞ ለካ። ያው ነው።

«ያ ቤት አይደለም ይላል» አለ አስተርጓሚው።

«ነው እንጂ፤ የተወለድኩበት ነው።»

«መጀመሪያም የለካው እሱ ራሱ ነው። ተሳስተሃል ልበለው?»

ከውስጥ ወይዘሮ ሰርኬ ሲያስሉ ተሰማ። ዱባለ አፉን ያዘ። መሐንዲሱ ጥቂት ጽፎ በቅሎው ላይ ወጣ።

«ምን ጻፈ?»

«47 ፈርሷል ብሎ።»

ዱባለ ቤት ገባ። እናቱ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ምን አሉ?»

«ቤቱ ፈርሷል አሉ።»

ወይዘሮ ሰርኬ ጣራውን አዩ፤ ግድግዳውንም አዩ።

«እንግዲያው በሩን ዝጋው» አሉ። «ብርድ ይገባል።»