ከውሃ ታንከሩ ጥግ የታየችው ኮከብ

የልጅ ልጃቸው ጣሪያ ላይ በወጣች ቁጥር አያትየው ነፍሳቸው አንገታቸው ላይ ትደርሳለች። ጣሪያው ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ነው፤ ከአንድ ወገን በቀር መከለያ የለውም። ልጅቷ ቀን ፎቶ ቤት ትሠራለች፤ ሲመሽ ደግሞ ካሜራዋን አንግታ ሰማይ ልታነሳ ትወጣለች። ይቅርብሽ ቢሏት አሻፈረኝ አለች። ተሟግተው ተሟግተው በመጨረሻ ታረቁ፦ ከውሃ ታንከሩ ጎን፣ መከለያ ካለበት ጥግ ንቅንቅ ላትል። እሳቸውም የልብስ ማስጫውን ገመድ በጎረቤት ልጅ ዙሪያዋን አስወጥረው አሳጠሩባት።

"እማማ፣ እኔ በግ ነኝ እንዴ?"

"በግማ ብትሆኚ በጊዜ ትገቢ ነበር።"

ከዚያ ጥግ የሚታየው ያው አንድ ቁራሽ ሰማይ ነው። ጓደኞቿ ሰማዩን ሁሉ ሲያካልሉ እሷ በየምሽቱ ያንኑ ስታነሳ ከረመች። "የአያትሽ ሰማይ ደህና አደረ?" እያሉ ይቀልዱባታል።

አንድ ቀን፣ እራት ሳይቀርብ፣ ልጅቷ ደረጃውን እየዘለለች ወረደች።

"ወደቅሽ?" አሉ አያትየው፣ ጭልፋው ከእጃቸው አምልጦ።

"ኮከብ! ትናንት ያልነበረ ደማቅ ኮከብ!"

ወዲያው ለኮከብ መመልከቻ ጣቢያው ደወለች። የኃላፊው ድምፅ ቀዝቀዝ ያለ ነበር።

"ሌሎችም ደውለዋል። ሁሉም የዛሬ ፎቶ ብቻ ነው ያላቸው። ትናንት ቦታው ባዶ እንደነበር የሚያሳይ አለሽ? ያለዚያ ግኝቱ ያንቺ ነው ማለት አንችልም።"

"የትናንትም፣ የትናንት ወዲያም፣ ያለፈው ወርም አለኝ!"

"ከአንድ ቦታ?"

"ውልፍት ሳልል።"

"ጎበዝ! እንዲህ ያለ ሥርዓት ማን አስተማረሽ?"

"አያቴ" አለች፤ "በገመድ።"

ፎቶዎቹን ላከችና መልስ መጠበቅ ጀመሩ። አያትየው መልሱ እምቢ ቢሆን ልጅቷ እንዳታዝን ሰግተው አንዱን ሳህን ደግመው ደጋግመው ወለወሉ።

"ለመሆኑ ምንድን ናት?"

"ኖቫ ትባላለች። የደከመች ኮከብ ናት፤ ከጎረቤቷ ጋዝ እየሳበች ስታጠራቅም ኖራ ድንገት ቦግ ትላለች።"

"የሰው እየወሰደች ነው እንዲህ የምትደምቀው? እኛንስ አትነካም?"

"ሩቅ ናት፣ እማማ።"

"እዚያው ትሁን።"

ስልኩ ጮኸ። የጣቢያው ሰዎች በትልቁ ቴሌስኮፕ አይተዋታል፤ ትናንት እንዳልነበረች ማስረጃ ያላት ልጅቷ ብቻ ስለሆነች ግኝቱ የእሷ ነው። ኃላፊው "እንኳን ደስ አለሽ" ሲል አያትየው የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው። በሕይወታቸው ረግጠውት ወደማያውቁት ጣሪያ፣ ግድግዳውን እየተደገፉ ወጡ። ከታንከሩ በላይ ቁልጭ ብላ ታየቻቸው።

"ይህቺን ያገኘሽው አንቺ ነሽ? የእኔ ልጅ?"

"እኔ ነኝ።"

ደረታቸው ሰፋ። ታች ግቢ ውስጥ ጎረቤቶች ልብስ ሲያነሱ አዩ። "እናንተ!" ብለው ተጣሩ፤ "ቀና በሉ እንጂ! የልጄን ኮከብ እዩ! እዚያ አይደለም፣ ወዲህ፣ ወዲህ..." እያሉ ሊያሳዩ ሲንጠራሩ፣ ልጅቷ ከኋላ ሹራባቸውን ጨምድዳ ያዘች።

"እማማ! ከገመዱ እንዳታልፊ!"