ከግራዝማች ጋር የተቆራኘሁ ዕለት

አርሴማ ልጄ፣ ስልክሽን አስጠጊው፤ በደንብ ይቅዳኝ። ለአስተማሪሽ «አያቴ ከጌታዋ ቤት ጠፍታ አመለጠች» ብለሽ ነገርሽው አሉ። በስማም! ማን ነው የጠፋው? እኔ ገበያ መሐል፣ በጠራራ ፀሐይ ነው ነጻ የወጣሁት።

ጣሊያን በወጣ ማግስት ነው። የግራዝማች አንሙትን ጌሾ ተሸክሜ ቁይ ገበያ ቆሜያለሁ። በሕፃንነቴ ከነጋዴ የገዛኝ ጌታዬ ነው፤ አንቱ ማለቱ ድሮ ቀረ። አዋጅ ተነገረ፤ ባርነት ቀርቷል፣ ሰው አይሸጥም አይለወጥም ተባለ። ሸክሜን መሬት ላይ ዘረገፍኩት።

«አንቺ ባሪያ፣ አንሺ!» አለኝ ግራዝማች።

«አላነሣም!»

ክንዴን ጨምድዶ ወደ ቤቱ ይጎትተኝ ጀመር። ቤቱ ከገባሁ አበቃልኝ፤ ማን አይቶኝ፣ ማን ሰምቶኝ? አዋጁ እንደሆነ የሱን አጥር አያልፍም።

ያን ጊዜ የተጣላ ሰው ልብሱን ከባላጋራው ልብስ ጋር ቋጥሮ ዳኛ ዘንድ ይሄዳል፤ መቆራኘት ይባላል። ዳኛ ሳያይ ቋጠሮውን የፈታ ሕግ ደፋሪ ነው። የቡትቶዬን ጫፍ ከኩታው ጫፍ ቋጠርኩና «በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮኽኩ።

ግራዝማች ቋጠሮውን ሊበጥስ እጁን ሲሰድ አንዲት ቅቤ ሻጭ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች! ዳኛ ሞቷል እንዴ?» አለችው። ሰዉ ሳቀ። ሰውየው ደግሞ ሕግ አዋቂ ነኝ ባይ ነው፤ በገበያ ፊት ሕግ ደፈረ መባሉን ፈራ። «እሺ፣ ዳኛው ሲያስገርፍሽ እናያለን» ብሎ ተከተለኝ። እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ ገበያተኛው ከኋላችን። እሰይ!

ከዳኛው ደጃፍ እንደደረስን ግራዝማች «ባሪያዬ ናት፤ ባሪያ ጌታዋን አትከስም» አለ።

ዳኛው ቋጠሮውን አዩት። «ግራዝማች፣ ሰው የሚቆራኘው ከባላጋራው ጋር ነው፤ ከንብረቱ ጋር የሚቆራኝ አላየሁም። እርስዎም አምነው እዚህ ድረስ መጡ። አዋጁም ተነግሯል። ልጅቱ ነጻ ናት» አሉ።

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ግራዝማች ፊቱ ቲማቲም መስሎ «ፍቺኝ!» አለኝ።

«እባክሽ ይበሉኝ» አልኩት።

ዳኛውን አየ፤ ሰዉን አየ፤ የሚያግዘው የለም።

«እባክሽ» አለ።